የትኛውን «የመጀመሪያ» ልግዛ? የጥንት የጌም ማሽኖችን ለሚያማርጡ

የድሮ ጌም የሚሸጡ ሰዎች ማስታወቂያ አንድ ቃል አይጠፋበትም፦ «የመጀመሪያው»። ካርትሪጅ የሚቀበል የመጀመሪያው፣ ባለቀለም ስክሪን የመጀመሪያው፣ ሲዲ የሚያነብ የመጀመሪያው። አብዛኛው ሐሰት አይደለም። ሆኖም ዕቃው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ እጅዎ ሲገባ፣ ከሁሉ ቀድሞ የተበላሸው ክፍል ብዙውን ጊዜ ያው «የመጀመሪያው» ያሰኘው ክፍል ሆኖ ያገኙታል። የሚያስገርም አይደለም። የማሽኑ ሌላ አካል፣ ፕላስቲኩም ሽቦውም ትራንዚስተሩም፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ላይ ለዓመታት ሲፈተን የኖረ ነው። አዲሱ ክፍል ግን ለፈተና የተቀመጠው ገዢው እጅ ላይ ነው።

ስለዚህ እዚህ ማሽኖቹን በዝናቸው አላሰልፍም። ስለ እያንዳንዱ የምጠይቀው ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ምን እንደነበረና ያ ነገር ዛሬ ይሠራ እንደሆነ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለቸኮለ አንባቢ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለመጫወት ብሎ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው የ1989ኙን ጌም ቦይ ይግዛ። ቤቱ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እንዲለው የሚፈልግ ቬክትሬክስን ያፈላልግ። ታሪክ የሚወድ ቻናል ኤፍን። ማይክሮቪዥንን ለመጫወት ብሎ የሚገዛ ግን የሚያተርፈው ብስጭት ነው።

ጨዋታ የሚቀየርባቸው፦ ኦዲሲ፣ ቻናል ኤፍ፣ አታሪ

ማግናቮክስ በ1972 ለገበያ ያቀረበው ኦዲሲ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የመጀመሪያው የቤት ጌም ነው። ሐሳቡን በ1966 የጠነሰሰው ራልፍ ቤር ሲሆን፣ ይሠራ የነበረውም ሳንደርስ በሚባል ለጦር ኃይል ኤሌክትሮኒክስ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው። ማሽኑ ፕሮሰሰር የሚባል ነገር የለውም። ድምፅ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ነጥብም አይቆጥርም። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያወጣው ጥቂት ነጫጭ አራት ማዕዘኖችና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። አብረውት የሚመጡት ካርዶችም ፕሮግራም አልያዙም፤ ሥራቸው ውስጥ ያሉትን መስመሮች በተለያየ መንገድ ማገናኘት ብቻ ነው። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚለጠፈው ባለቀለም የፕላስቲክ ሽፋን፣ ዳይሱ፣ የወረቀት ገንዘቡና መጫወቻ ካርዱ ነበር።

ኦዲሲ የሚገዛ ሰው ከማሽኑ ይልቅ ካርቶኑን ይመርምር የምለው ለዚህ ነው። ሽፋኖቹ በሁለት የቴሌቪዥን መጠን የተዘጋጁ ነበሩ፤ ከጎደሉ ወይም ከተጨማደዱ በእጅዎ የቀረው ነጭ ነጥብ የሚያንቀሳቅስ ሳጥን ነው። ለብቻው ይሸጥ የነበረው ጠመንጃ፣ ማለትም ለቤት ጌም የተሠራው የመጀመሪያው የብርሃን ጠመንጃ፣ ከተገኘ ጥሩ። ለመጫወት ግን ከአንድ ምሽት በላይ የሚያስቀምጥ ነገር የለውም።

ቻናል ኤፍ ሌላ ታሪክ ነው፤ ስለሱ ትንሽ ልቆይ። ፌርቻይልድ የሚባለው የሴሚኮንዳክተር ኩባንያ በኅዳር 1976 ሲያወጣው ዋጋው 170 ዶላር ገደማ ነበር። ፕሮግራሙ ከማሽኑ ውጪ፣ በሚወጣና በሚገባ ካርትሪጅ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ሥራውን የመራው ጄሪ ላውሰን በዚያ ዘመን በሲሊከን ቫሊ ከነበሩት እጅግ ጥቂት ጥቁር መሐንዲሶች አንዱ ነበር። የካርትሪጁ መነሻ ሐሳብ የመጣው አልፔክስ ከሚባል ትንሽ ድርጅት ነው፤ ላውሰንና ባልደረቦቹ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ መፍታት ነበረባቸው። እስከዚያ ድረስ ቺፕ የተሸከመ ሰሌዳ ባለሙያ አንዴ ሰክቶት የሚረሳው ነገር ነው። አሁን የስምንት ዓመት ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ሊነቅለውና ሊሰካው ነው። ጫፉ ይፋቃል፣ ከምንጣፍ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቺፑን ይገድለዋል።

መልሳቸው የመኪና ቴፕ ካሴት የሚመስል ወፍራም ቢጫ ሳጥን ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ አጽድተው ሲሰኩት ይሠራል። ከላይ ካልኩት ሕግ ውጪ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው፤ አዲስ የነበረው ክፍል ከሌላው ይልቅ ጸንቷል፣ ምክንያቱም የሠሩት ሰዎች እንደሚሰበር አስቀድመው ገምተውታል። ቻናል ኤፍ ጨዋታን ለአፍታ የሚያቆም ቁልፍም ይዞ መጥቷል፤ እሱን ተጭነው የጨዋታውን ሰዓትና ፍጥነት መሃል ላይ መቀየር ይቻላል። ጆይስቲኩ መቀመጫ የለውም፤ በመዳፍ ይያዝና ጫፉ ይገፋል፣ ይሳባል፣ ይጠመዘዛል፣ ወደ ታች ይጫናል። ደካማ ጎኑ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሞዴል ጆይስቲኩ ከማሽኑ የማይነቀል ስለሆነ፣ ሽቦው ውስጡ ከተበጠሰ ሙሉ ሳጥኑን መፍታት የግድ ነው። ድምፁም የሚወጣው ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከራሱ ከማሽኑ ስለሆነ፣ «ድምፅ የለውም» ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት የቴሌቪዥኑን ድምፅ እያዳመጠ ሊሆን ይችላል። የጨዋታዎቹ ብዛት ሠላሳ እንኳ አይሞላም፤ ብዙዎቹም ዛሬ ልብ አይሰቅሉም።

በ1977 የመጣው አታሪ በካርትሪጅ የመጀመሪያ አይደለም፤ በሌላ ነገርም ቢሆን እምብዛም የመጀመሪያ አይደለም። የማስታወሻው መጠን 128 ባይት ነው፤ ኪሎባይት አላልኩም። ከቻናል ኤፍ ጋር ሲወዳደር ግን ለመጫወት የሚሻለው እሱ ነው። ምክንያቱ የሚነቀል ጆይስቲክ ነው። ዘጠኝ እግር ያለው ያ መሰኪያ በኋላ በኮሞዶር 64ና በአሚጋ ኮምፒውተሮች ላይ፣ በተቀራራቢ መልክም በሴጋ ማሽኖች ላይ ስለተደገመ፣ ጆይስቲኩ ቢሰበር የሚተካ ከየትም ይገኛል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የድሮዎቹን ካርትሪጆች የሚቀበልና በኤችዲኤምአይ ከዘመኑ ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ አታሪ 2600 ፕላስ ገበያ ላይ አለ። ጨዋታው እንጂ የድሮው ሳጥን ራሱ የማያጓጓዎት ከሆነ እሱን ይግዙና ከሽቦ ጣጣ ይገላገሉ።

እግረ መንገዴን ስለ ኒንቴንዶ አንድ ነገር ልበል። በሐምሌ 1983 ጃፓን ውስጥ የወጣው ፋሚኮም ካርትሪጁን ከላይ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ጆይስቲኩም ላይ ማይክሮፎን አለው፣ ሰው ሲናገርበት ድምፁ በቴሌቪዥኑ ይወጣል። ወደ አሜሪካ በ1985 ሲሻገር ግን የጌም ማሽን የሚለው ስም ገበያ ላይ ስለረከሰ፣ የቪዲዮ ማጫወቻ እንዲመስል ካርትሪጁን ከፊት አስገብቶ ወደ ታች የሚጫን አሠራር ተበጀለት። ያ አዲስ አሠራር ነው የአሜሪካውን ማሽን በሽተኛ ያደረገው፤ የውስጥ መሰኪያው ይላላል፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የዚያ ዘመን ልጆች ካርትሪጁን እያወጡ እፍ ይሉበት ነበር፤ ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ውሎ አድሮ ያዝገዋል እንጂ አያድነውም። በአልኮል በነካካ ጥጥ መጥረግ ይበቃል። ከሁለቱ ፋሚኮም ይሻላል እላለሁ፣ የማይነቀሉትን ጆይስቲኮቹን ከታገሡት።

ስለ ኢንቴሌቪዥን ብዙ የምለው የለኝም። ማቴል በ1979 መሞከር ሲጀምር 16 ቢት ፕሮሰሰር ነበረው፣ በ1982 ደግሞ የሚያናግር ተቀጥላ ጨመረ። ሁለቱም ለታሪክ ያምራሉ። በጆይስቲክ ፈንታ ያመጣው በአውራ ጣት የሚጫን ክብ ሳህን ግን እኔን አላሳመነኝም፤ የመጀመሪያው ሞዴል ላይ ደግሞ ጆይስቲኩ አይነቀልም።

ጆይስቲክ የሚያማርጡ

አውራ ጣት ጥቂት ሲገፋው ጥቂት፣ ብዙ ሲገፋው ብዙ የሚሄድ ጆይስቲክ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይታያል። ሦስት ማሽኖች እዚህ ለመድረስ የሄዱበት መንገድ ግን ለገዢ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ሁለቱ በ1982፣ አንዱ በ1996 የመጡ ናቸው።

ቬክትሬክስ ከሁሉም የተለየ ነው። የራሱን ስክሪን ይዞ ይመጣል፤ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ባለ 9 ኢንች የካቶድ ቱቦ። ተራ ቴሌቪዥን ስዕሉን ከላይ እስከ ታች በመስመር በመስመር እየጠረገ ሲያወጣ፣ ቬክትሬክስ ጨረሩን ልክ እንደ እርሳስ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይመራዋል። መስመሮቹ ስለታም ናቸው፣ ደረጃ ደረጃ የሚመስል ጠርዝ የላቸውም፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ድምቀት የትኛውም ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ አይቼ አላውቅም። ቀለም የለውም፤ ቀለሙ እንደ ኦዲሲ ከፊት በሚቀመጥ ፕላስቲክ ይመጣል። ጆይስቲኩ ሲለቁት በራሱ ወደ መሃል ይመለሳል። ማይን ስቶርም የሚባለው ጨዋታ ማሽኑ ውስጥ ስላለ አንድም ካርትሪጅ ባይገኝ መጫወት ይቻላል። ስክሪኑ ላይ ለመጻፍ የሚያስችል የብርሃን ብዕርና የሦስት አውታር መነጽርም ወጥቶለት ነበር፤ መነጽሩ ብርቅ ስለሆነ ሲሸጥ ካዩ መጀመሪያ ይጠራጠሩ።

ቬክትሬክስን የነደፈው የጄይ ስሚዝ ድርጅት ነው፤ ሰውየውን ወደ በኋላ ደግመን እናገኘዋለን። ማሽኑን ለገበያ ያቀረበው ጂሲኢ የሚባል ድርጅት በ1983 በመጫወቻ አምራቹ ሚልተን ብራድሊ እጅ ገባ፤ በ1984 ማሽኑ ተቋረጠ። ከሁለት ዓመት ያልዘለለ ዕድሜ ነው። ያም ሆኖ አዲስ የነበረው ነገር፣ ማለትም ስክሪኑ፣ ብዙ ማሽኖች ላይ እስከ ዛሬ በደንብ ይሠራል። ይህም አያስደንቅም፤ የካቶድ ቱቦ ለቴሌቪዥን ሲመረት የኖረ፣ የበሰለ ዕቃ ነው። አዲስ የነበረው አጠቃቀሙ ነው። ከስፒከሩ የማያቋርጥ እዝዝታ ከሰሙ አይደንግጡ፤ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ጠባይ ነው። ቱቦው ግን ከመብራት ተነቅሎም አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል፤ ቴሌቪዥን ከፍቶ የማያውቅ ሰው እንዳይከፍተው፤ ለቴሌቪዥን ጠጋኝ ብቻ ይስጡት።

አታሪ 5200ም እንደ ቬክትሬክስ የ1982 ነው። ዕቅዱ ትልቅ ነበር፤ በየአቅጣጫው መጠኑን የሚለይ ጆይስቲክ፣ አሥራ ሁለት የቁጥር ቁልፎች፣ ጨዋታ የሚያቆም ቁልፍ እጅ ላይ። ሲለቁት ግን ወደ መሃል አይመለስም፤ የሚይዘው አንድ የጎማ ከረጢት ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ተጣጣፊ ሰሌዳ ይቆሽሻል፣ ቁልፎቹ መልስ መስጠት ያቆማሉ። አራት ጆይስቲክ የሚቀበለው የመጀመሪያው ሞዴል ደግሞ ምስልንም ኤሌክትሪክንም በአንድ ገመድ በኩል ያስተላልፋል፤ ልዩ የሆነችው ትንሽ ሳጥን ከጠፋች ማሽኑ አይነሳም። ሻጩ ያችን ሳጥን ካላሳየዎት በነጻም ቢሰጥዎት ያስቡበት።

ሦስተኛው ኒንቴንዶ 64 ነው። ጆይስቲኩ ለሦስት አውታር ጨዋታ ጣትን ያስለመደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውስጡ ግን ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ይፈጫል፤ ከፍተው ሲያዩ ነጭ ዱቄት ያገኛሉ፣ ዱላውም እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። እዚህ ላይ ግዢውን የሚያስቀር ነገር የለም፤ ምትክ ጆይስቲክ በቀላሉ ይገኛል፣ ማሽኑም ጠንካራ ነው። ዋጋ ሲከራከሩ ብቻ ጆይስቲኩን እንደሚቀይሩት አድርገው ያስሉ።

በእጅ የሚያዙት፦ ስክሪንና ድንጋይ

ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ነው፤ አብዛኛው ገዢም የሚፈልገው ይህንን ነው።

ማይክሮቪዥን በ1979 ሚልተን ብራድሊ ያወጣው፣ ካርትሪጅ የሚቀያየርበት የመጀመሪያው በእጅ የሚያዝ ጌም ነው። ነዳፊው ያው ጄይ ስሚዝ ነው። ስክሪኑ 16 በ16 ነጥብ ብቻ ነው። አሠራሩ ዛሬ ሲያስቡት ያስቃል፦ ፕሮሰሰሩ ያለው ከማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ ነው። ማሽኑ ስክሪን፣ የሚዞር ቁልፍና የባትሪ ቤት ብቻ ነው፤ ካርትሪጁ ሙሉ ፊቱን ሸፍኖ አእምሮውን ይዞለት ይመጣል። ብልህ መላ ነበር፤ ውጤቱ ግን የእጅ ንክኪ ያለው ብልጭታ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ እንዲያገኘው በር ከፈተ። ይህ አንድ። ሁለተኛው የቁልፎቹ ሽፋን በተደጋጋሚ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ስክሪኑ ነው፦ የዚያ ዘመን ኤልሲዲ አመራረት ገና ጥሬ ስለነበር ፈሳሹ ከጠርዝ ጀምሮ እየጠቆረ ይበሰብሳል። ካርቶኑ ሳይከፈት የተቀመጠ ማይክሮቪዥን እንኳ ተከፍቶ ጥቁር ነጥብ ሊገኝበት ይችላል። መድኃኒት የለውም። ከሰበሰቡ ለመደርደሪያ ይሁን፤ ዋጋውንም ስክሪኑ ሲበራ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳያዩ አይቁረጡ።

አንድ ሰው በአንድ እጁ ማይክሮቪዥንን፣ በሌላው ቬክትሬክስን ሠራ፤ አንዱ አረጀ፣ ሌላው ጸና። ልዩነቱ ችሎታው አይደለም፣ የተጠቀመበት ዕቃ የብስለት ደረጃ ነው።

ኒንቴንዶ ውስጥ ይህን ነገር እንደ ሕግ የያዘው ጉንፔይ ዮኮይ ነበር። የሱ መርሕ ዋጋው የወረደና ጠባዩ የታወቀ ቴክኖሎጂ ወስዶ ማንም ባላሰበው መንገድ መጠቀም ነው። በ1980 የጀመረው ጌም ኤንድ ዎች የተሠራው ከካልኩሌተር ስክሪንና ቺፕ ነው፤ ሰዓትም ነው፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ማንቂያም አላቸው። በ1982 ዶንኪ ኮንግ የተባለው ባለሁለት ስክሪን ሞዴል ላይ መስቀል ቅርጽ ያለው የአቅጣጫ ቁልፍ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የጌም ዓለም በሙሉ ከዚያች ቁልፍ ጋር ይኖራል። አሁንም ሲጫኑት አይከዳም፣ የሚከዳው ስፍራ ስለሌለው። ትንሽ ቦታና ትንሽ በጀት ላለው ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ የባትሪ ቤቱ ዝገት እንዳይኖረው ብቻ ይመልከቱ።

አሁን ወደ 1989 እንምጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ማሽኖች ወጡ።

ጌም ቦይ በሚያዝያ ጃፓን ውስጥ፣ በሐምሌ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ፣ በ90 ዶላር ገደማ። ስክሪኑ 160 በ144፣ አራት ዓይነት አረንጓዴ ግራጫ፣ መብራት የለውም። ሁለት ጓደኛሞችን የሚያገናኝ ገመድ አለው። በአራት ዳብል ኤ ድንጋይ ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ ይሄዳል።

አታሪ ሊንክስ በመስከረም፣ በ180 ዶላር። ኤፒክስ በሚባል ድርጅት ውስጥ ከአሚጋ ኮምፒውተር የመጡት አር ጄ ማይካልና ዴቭ ኒድል የነደፉት ነው። ባለቀለም፣ ከኋላው መብራት ያለው ስክሪን፤ ስዕልን በራሱ ቺፕ የሚያሳድግና የሚያሳንስ፣ ከብዙ የቤት ማሽኖች የበለጠ አቅም። ግራኝ ሰው ገልብጦ ይዞት ይጫወታል፣ ስዕሉም አብሮ ይገለበጣል፤ ይህን የሚያህል ለግራኝ ያሰበ ማሽን ከዚያ በኋላም ብዙ አላየሁም። ስድስት ድንጋይ ይበላል፣ በአራት ወይም አምስት ሰዓት ውስጥ።

በወረቀት ላይ ሊንክስ ያሸንፋል። ጃፓን ውስጥ በ1990 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1991 የመጣው የሴጋው ጌም ጊር ደግሞ ከ4096 ቀለማት 32ቱን በአንዴ እያሳየ፣ ቴሌቪዥን የሚያስይዝ ተቀጥላም ጨምሮ ያሸንፋል። ግን ሂሳቡን እንሥራው። ሠላሳ ሰዓት ለመጫወት ጌም ጊር ስድስት ስድስት ድንጋይ በየአራት ሰዓቱ ሲበላ አርባ አምስት ድንጋይ ያህል ይጨርሳል፤ ጌም ቦይ በስምንት ይወጣዋል። ብርሃኑ ከፍሎረሰንት ቱቦ ስለሚመጣ ነው ይህ ሁሉ ፍጆታ። በዚያ ዘመን ልጅ ለድንጋይ የሚሰጠው ወላጁ ነበር፤ ጌም ቦይ ያሸነፈው የወላጅን ኪስ ስለተረዳ ጭምር ነው።

ዛሬ ድንጋይ የሚሞላ ሆኗል፤ ያ ክርክር ቀሏል ማለት ይቻላል። የቀረው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ጌም ጊር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ክፍሎች፣ ፈሳሻቸው እየፈሰሰ ሰሌዳውን ይበሉታል። ምልክቱ፦ ስክሪኑ ይደበዝዛል ወይም ከተወሰነ ማዕዘን ብቻ ይታያል፣ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሰማል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ካልተጠገነ በቀር ጤነኛ የሆነ ጌም ጊር አለ ብለው አያስቡ። ሻጩ «ካፓሲተሩ ተቀይሯል» ካለ ዋጋ ጨምረው መግዛት ያዋጣል፤ ካልተቀየረ ደግሞ የብየዳ ካውያ የሚይዝ ጥሩ ጠጋኝ ካወቁ ብቻ። የቴሌቪዥን ተቀጥላው የሚይዘው የአናሎግ ስርጭት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች በ2009 ያንን ስለተዉ ለጌጥ ካልሆነ አይረባም።

ሊንክስን በተመለከተ ከመጀመሪያው ሞዴል ይልቅ በ1991 የመጣውን ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ቀለል ያለ ነው፣ የስክሪኑንም መብራት ለጊዜው የሚያጠፋ ቁልፍ አለው። ጨዋታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ካሉት ውስጥ ግን ሌላ የትም የማይገኙ አሉ።

ጌም ቦይ ላይ የሚያጋጥመው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያሉ ባዶ መስመሮች ከታዩ ብዙውን ጊዜ ሥሩ ያለው ማገናኛ ተለይቶ ነው፤ ሞቅ ባለ ካውያ ቀስ ብሎ ሲዳስሱት ይመለሳል። ካርትሪጆቹ ውስጥ ጨዋታ የሚያስቀምጡት ትናንሽ ባትሪዎች ግን ዕድሜያቸው አልፏል፤ የድሮ ጨዋታ ገዝተው ያስቀመጡት ሁሉ ጠዋት ከጠፋ ካርትሪጁን አይጣሉት፣ ባትሪውን ያስቀይሩ። ስለ ጥንካሬው ብዙ ይነገራል፤ አንዱ በዓይን የሚታይ ነው። በባህረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ተቃጥሎ ፊቱ የቀለጠ የአንድ አሜሪካዊ ወታደር ጌም ቦይ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የኒንቴንዶ መደብር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቴትሪስ እያሳየ ተቀምጦ ነበር።

የጃፓኑ ኤንኢሲ ኩባንያ ቱርቦ ኤክስፕረስ በ250 ዶላር ገደማ ኩባንያው ለቤት ማሽኑ የሠራውን የጨዋታ ካርድ እንዳለ ወስዶ በእጅ የሚያጫውት ነበር። ለትልቅ ቴሌቪዥን የተጻፈ ጽሑፍ በትንሽ ስክሪን ማንበብ ዓይን ያደክማል፤ ካፓሲተሩም የጌም ጊር ወንድም ነው። ሀብታም ሰብሳቢ ካልሆኑ ይለፉት። በ1997 የወጣው የታይገር ጌም ዶት ኮም ደግሞ በጣት ወይም በብዕር የሚነካ ስክሪን ነበረው፣ ከሞደም ጋር ተያይዞ ኢንተርኔት ይገባ ነበር፣ በ70 ዶላር። የመነኪያው ረድፍ ሰፋፊ ስለሆነ ትክክለኛ ቦታ መንካት ያስቸግራል፤ ስክሪኑም ከመደብዘዙ የተነሣ የሚንቀሳቀስ ነገር ጭራ ያወጣል። በንክኪ መጫወት የፈለገ ሰው የ2004ቱን ኒንቴንዶ ዲኤስ ይግዛ። ዮኮይ ከኒንቴንዶ ከወጣ በኋላ ድርጅቱ የነደፈውን የባንዳይ ወንደርስዋን ግን እመክራለሁ፤ በ1999 በአንድ ድንጋይ ብቻ የሚሠራ። ጨዋታዎቹ አብዛኛዎቹ በጃፓንኛ መሆናቸው ካላስቸገረዎት።

ሲዲ

ኤንኢሲ በታኅሣሥ 1988 ለፒሲ ኢንጂን፣ ማለትም ለቤት ጌም ማሽኑ፣ ያወጣው ተቀጥላ ጌምን ከሲዲ ያነበበ የመጀመሪያው ነው። አንድ ዲስክ በመቶዎች ሜጋባይት ሲይዝ የዚያን ጊዜ ካርዶች አንድ ሜጋባይት አይሞሉም ነበር፤ የሰው ድምፅና እውነተኛ ሙዚቃ የገባው በዚህ በር ነው። ሆኖም ሌዘሩ ደክሟል፣ የሚያንቀሳቅሰው የፕላስቲክ ጥርስም ይሰነጠቃል። ከመግዛትዎ በፊት ዲስክ ሲጭን በቪዲዮ ይዩ፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቀጥል ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ደካማ ሌዘር ርዕሱን አሳይቶ መሃል ላይ ነው የሚቆመው።

መብራት፣ ቴሌቪዥንና ሻንጣ

ዕቃውን ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን ዘመድ ይዞት የሚመጣ ከሆነና አዲስ አበባ ላይ የሚሰኩት ከሆነ፣ ከላይ ካልኩት ሁሉ ይልቅ ቀድሞ የሚገድለው ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ ማሽን የሚጠብቀው 120፣ የጃፓን 100 ነው። ስታቢላይዘር ይህን አይፈታም፤ ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ቬክትሬክስ አዳፕተር የለውም፣ ገመዱ በቀጥታ ከግድግዳው ይሄዳል፤ በሚልተን ብራድሊ ስም አውሮፓ ውስጥ የተሸጠውን ካገኙ ግን ትራንስፎርመሩን ይተዉታል።

አዳፕተር ያላቸውም ወጥመድ አላቸው። የአሜሪካው ኒንቴንዶ አዳፕተር የሚያወጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፣ የጃፓኑ ፋሚኮም ደግሞ የሚፈልገው ቀጥተኛውን። ጫፋቸው ስለሚገጥም ብዙ ፋሚኮም በዚህ ተቃጥሏል። የመደመርና የመቀነስ ቦታውም ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ ጫፉ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

ቴሌቪዥኑም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካና የጃፓን ማሽኖች ምስል የሚልኩት ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቴሌቪዥን አሠራር ነው፤ እኛ ዘንድ የለመድነው ግን ፓል የሚባለውን ነው። አታሪና ቻናል ኤፍ የሚገናኙት በአንቴና መሰኪያ በኩል ስለሆነ፣ ቻናሉ ላይገኝ ወይም ስዕሉ ያለ ቀለም ሊንከባለል ይችላል። ቢጫ የቪዲዮ ገመድ እንዲያወጣ የተደረገ ማሽን ከተገኘ ነገሩ ይቀላል፤ ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች በዚያ በኩል ሁለቱንም ይቀበላሉ። በእጅ የሚያዙት ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው፤ ለአገር ቤት ገዢ ጌም ቦይን ያስቀደምኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ሻጭ ሲያነጋግሩ ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ ይጠይቁ፤ ሲበራ ጀምሮ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን፣ የባትሪ ቤቱ ተከፍቶ። እዚያ ውስጥ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ካለና ቀለል ያለ ከሆነ በኮምጣጤ የነካካ ጥጥ ይለቃል፤ ወደ ሰሌዳው ከዘለቀ ግን ዋጋውን በግማሽ ይከራከሩ ወይም ይተዉት። ለሚያመጣው ሰው ከመነሳቱ በፊት ድንጋዮቹን እንዲያወጣ ይንገሩት። ቬክትሬክስን ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አያስልኩ፤ የቱቦው አንገት ቀጭን መስታወት ነው፣ ከተሰነጠቀ ምትኩ የሚገኘው ከሌላ የሞተ ቬክትሬክስ ውስጥ ብቻ ነው።